የአክስቴ ፍም

አክስቴን ሳስብ ቀድሞ የሚመጣብኝ ምድጃው ሥር ተንበርክከው እሳት ሲያዳፍኑ ነው። ሁልጊዜ ለቤታችን ከሚበቃው በላይ ፍም አመድ ውስጥ ይቀብሩ ነበር፤ ጠዋት እሳት ሊጭር የመጣ ጎረቤት ባዶ እጁን እንዳይመለስ ብለው።

በጣሊያን ጊዜ፣ ወንድሜ ከአርበኞቹ ጋር ጫካ በገባበት ክረምት፣ ከይጁቤ ወዲህ ባለችው መንደራችን ሁሉም እሳት የነፈጋት አንዲት ሴት ነበረች። ባሏ ለጣሊያን አድሮ ነበር። አንድ ጠዋት እሳት መጫሪያ የሸክላ ገል ይዛ ደጃችን ስትቆም በሩን ዘጋሁባት።

"ማናት?" አሉ አክስቴ ከጓዳ።

"የባንዳው ሚስት ናት።"

"ስለ ባሏ ማን ጠየቀሽ? ልጆቿ በዚህ ብርድ ጥሬ ይቆርጥሙ? በይ ገሉን ተቀበያት!"

ፍሙን ራሳቸው መርጠው፣ መንገድ ላይ እንዳይጠፋባት አመድ ነስንሰው ሰጧት። እኔ ቀና ብዬም አላየኋት። ከዚያ ወዲያ ተመልሳ አልመጣችም፤ ያፈረች መስሎኝ ነበር።

አክስቴ በጥቅምት አረፉ። ከቀብር ስንመለስ ምድጃው ቀዝቅዟል። ማዳፈን የእሳቸው ሥራ ስለነበረ ማናችንም አላሰብነው። አመዱን ብገልጥ፣ ብገልጥ፣ አንዲት ፍም አጣሁ።

ቀና ስል ያቺ ሴት ገል ይዛ ደጃፉ ላይ ቆማለች።

"ከቤታችሁ ጭስ ባጣ መጣሁ" አለችኝ።

ገሉን ተቀበልኋት። እፍ ስለው ፍሙ ከአመዱ ሥር ቀላ።

"ሌላ እሳት አይደለም" አለች። "ያን ጠዋት ከእሳቸው የጫርሁት ነው። እያዳፈንሁ አቆየሁት።"