ጥቁሯ ክብ

ሆስፒታሉም ሰፈሩም «እጀ ቀላል» ነው የሚላት፤ ትክክለኛ ስሟን የሚያውቀው መታወቂያዋ ብቻ ነው። ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ ከሰው ክንድ ደም ስትቀዳ ኖራለች፤ ሕፃን ሳያለቅስባት፣ ሽማግሌ ሳይሳደብባት። መርፌው ገብቶ ከወጣ በኋላ «መቼ ነው የምትወጊኝ?» ብሎ የሚጠይቃት ብዙ ነው። እሷም «ነገ ና» እያለች ታሾፋለች።

የዚህች ሴት የሆድ ቁስል ታናሽ እህቷ ናት። ሴት ልጅ በተገላገለች በአሥራ ሁለተኛው ቀን «ደረቴን!» እንዳለች ወደቀች፤ በዚያው ቀረች። ገና ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነበር። ውፍረት የላት፣ ደም ግፊት የላት፣ ሲጋራ ደጇ አልደረሰ። ሐኪሞቹ ሲያዩት ለልቧ ደም የሚያደርሰው ቧንቧ፣ ውስጡ እንደ ልብስ ስፌት በራሱ ጊዜ ተተርትሯል። «ከስንት ሰው አንዱን ነው የሚያገኘው፤ ለምን እንደሚመጣ አናውቅም» አሏት። እጀ ቀላል ጨቅላዋን ታቅፋ ቤቷ ገባች። ልጅቷ አፏን የፈታችው እሷን «እማ» ብላ ነው።

ሃያ ሁለት ዓመት አለፈ። ከዚያ የአጎቷ ልጅ፣ ያችም አራስ ቤት ሳለች፣ በዚያው በሽታ ወድቃ ለጥቂት ተረፈች። ያኔ የልብ ሐኪሙ እጀ ቀላልን አስጠራት። ይህ ሰው ተማሪ በነበረ ጊዜ መርፌ አያያዝ ያስተማረችው እሷ ናት። እጁ ሲንቀጠቀጥ የራሷን ክንድ ዘርግታ «ውጋኝ፣ አልሞትብህም» ያለችው እሷ ናት። ዛሬም «እትዬ» እያለ ነው የሚጠራት።

«እትዬ፣ ይሄ ነገር በዘር ሳይወርድ አይቀርም» አላት። «የቤተሰቡን ሁሉ ደም ካገኘሁ፣ ጥፋቱ ዘረመላችሁ ላይ የት ቦታ እንዳለ ፈልጌ አወጣዋለሁ።»

«ስታገኘው ትነግረናለህ?»

«ምን ማለትሽ ነው? ከእናንተ በፊት ማን ይሰማል!»

ይህችን ቃል ይዛ ዘመዱን ሁሉ በር ለበር ዞረች። ያስቸገራት አጎቷ ነበር። «ደሜን ወስዳችሁ ምን ልትሠሩበት ነው? እኔው ራሴ መች በቃኝ!» ብሎ ሦስት ጊዜ መለሳት፤ በአራተኛው እያጉረመረመ እጅጌውን ሰበሰበ። ደም የሚሰጥ ሁሉ የሚፈርመው ባለ አራት ገጽ ወረቀት ነበር። «አንብበሽዋል?» ሲሏት «አንብቤዋለሁ፣ ፈርሙ» ትላለች። አላነበበችውም! እንደ ልጇ ከምታየው ሰው የመጣ ወረቀት ምን ይነበባል? ልጅቷን ጨምሮ ሃያ ሦስት ሰው በእሷ ቃል ፈረመ፤ እሷም ከሥር በምስክርነት ፈረመች። የሁሉንም ደም ራሷ ቀዳች፤ በየብልቃጡ ላይ በስም ፈንታ ቁጥር ለጠፈች።

ከዚያ በየወሩ መጠየቅ ሆነ። «ገና ነው እትዬ፣ ምርምር አያስቸኩሉትም» ይላታል። እሺ ትላለች። ሦስት ዓመት እሺ አለች። በመካከሉ ልጅቷ አገባች፣ አረገዘች፣ ሆዷም ገፋ።

አንድ ጠዋት ለእንግዶች ተብሎ ኮሪደሩ ላይ ትልቅ ሥዕል ተሰቀለ። እጀ ቀላል የብልቃጥ መደርደሪያዋን እንደያዘች ቆም አለች። የዘር ሐረግ ነው፤ ወንዱ አራት ማዕዘን፣ ሴቷ ክብ፣ የሞተው ላይ ሰረዝ፣ ጥፋቱ ያለበት ጥቁር። ስም የለውም። ለእሷ ደግሞ ስም ምን ያደርግላታል! እነሆ ከአንድ ነጥብ የወረዱ ሁለት አራት ማዕዘኖች፣ መንትዮቹ ወንድሞቿ። እነሆ ነጯ ክብ፣ ራሷ። ከአጠገቧ ሰረዝ ያለባት ጥቁር ክብ፣ ከዚያችም የወረደች አንዲት ክብ። ያችም ጥቁር ናት። ከግርጌው ውጤቱ የተገኘበት ቀን ተጽፏል፤ ሁለት ዓመት ሆኖታል፣ ከልጅቷ ሠርግ በፊት።

መደርደሪያውን አልጣለችም፤ የስንት ሰው ደም ነው። ቦታው አስቀምጣ ሳታንኳኳ ቢሮው ገባች።

«ሁለት ዓመት ሙሉ! ዓይን ዓይኔን እያየህ ‹ገና ነው› አልከኝ!»

ፊቱ ተለዋወጠ። «እትዬ፣ ደንብ ነው እኮ። የግል ውጤት ለማንም አይነገርም ይላል፣ ሦስተኛው ገጽ ላይ። ምስክር ሆነሽ የፈረምሽው አንቺው ነሽ። ደግሞ ጥናቱ ታትሞ እስኪወጣ…»

«ልጄ ስምንተኛ ወሯን ይዛለች! ሠርጓ ላይ ‹ቶሎ ውለዱ› ብለህ መርቀሃታል፣ እያወቅህ!»

አንገቱን ደፍቶ ወረቀት ማገላበጥ ጀመረ። ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ ይባላል፤ ፈረስስ እንስሳ ነው፣ ምን ያድርግ! እጀ ቀላል ከቢሮው ስትወጣ ውስጧ እርር ብሎ ነበር። የበለጠ ያንገበገባት ግን ሦስተኛው ገጽ ነው።

በዚያው እግሯ ልጅቷ ቤት ሄደች። ምንም ሳታስቀር ነገረቻት። ልጅቷ እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ እስከ መጨረሻው ሰማቻት።

«አንብቤዋለሁ ብለሽኝ አልነበር?»

«አላነበብኩትም።»



በማግስቱ ልጅቷን ሌላ የልብ ሐኪም አየቻት። «እንኳን ሳትወልጂ መጣሽ» አለቻት ሐኪሟ። የምትወልደው የልብ ሐኪሞች ባሉበት ነው፤ ከወለደችም በኋላ እዚያው ተኝታ ትጠበቃለች። ለዛሬ የደም ምርመራ ታዘዘላት። ልጅቷ ከሕፃንነቷ ጀምራ ክንዷን ከእማ በቀር ለማንም ሰጥታ በማታውቅበት ወንበር ላይ ተቀመጠች። እጀ ቀላል ማሰሪያውን አንሥታ ጎንበስ ስትል ልጅቷ ክንዷን ሰበሰበች።

«አክስቴ» አለቻት። በዕድሜዋ ሙሉ እንደዚያ ብላት አታውቅም። «ሌላ ሰው ይቅዳኝ።»

አዲሷ ባለሙያ ተጠራች። እጀ ቀላል ከበሩ ውጭ ቆመች። መርፌው አንዴ ሳተ፤ ልጅቷ «እህ!» ስትል ተሰማት። ደግሞ ሳተ። ደም ሥሯ ግራ ክንዷ ላይ፣ ከመታጠፊያው ትንሽ ወደ ውስጥ ነው፤ እጀ ቀላል ዓይኗን ጨፍና ታገኘዋለች። የበሩን እጀታ ያዘችና መልሳ ለቀቀችው። በሦስተኛው ተገኘ።