የእትዬ ጥሩወርቅን የስንዴ ሥር ለማየት ወደ ሞጣ

ንጋት፣ ደጀን

የሰብል ጥበቃ ባለሙያ ነኝ። በጥቅምት ብርድ ከቤቴ ያስወጣኝ የአንዲት ሴት ስንዴ ነው። እትዬ ጥሩወርቅ ሞጣ አጠገብ የሚኖሩ፣ ባላቸው የሞቱባቸው ገበሬ ናቸው። በአካባቢያቸው ሴት ሞፈር አትጨብጥምና መሬቱን ለእኩል አራሽ ሰጥተው ለዓመታት የምርቱን ግማሽ ብቻ ሲያገኙ ኖረዋል። በክረምቱ መግቢያ ሞጣ ላይ በሰጠሁት ስልጠና፣ "አራት አምስት ጊዜ ማረስ ግድ አይደለም። አንዴ ብቻ ታርሶ፣ የአምናው ሰብል ቅሪት ሳይነሳ ይዘራ" ብዬ መከርኳቸው። ለአንድ እርሻ የዘመድ በሬ አይጠፋም። እሺ አሉ። ዘንድሮ ካልሆነላቸው ግን መሬቱ ወደ አራሹ ይመለሳል።

ሚኒባሱ ሲነሳ የዓባይ በረሃ ከኋላችን በጉም ተሞልቶ ነበር። ተኛሁ፣ ነቃሁ፣ ደግሞ ተኛሁ። ዓይኔን በገለጥኩ ቁጥር በመስኮቱ የኑግ ቢጫ አበባ ያልፋል፤ ሕልሙ የቱ፣ መንገዱ የቱ እንደሆነ መለየት ትቼ ነበር።

ረፋድ፣ ቢቸና

ባጃጆች እህል በጫኑ አህዮች መካከል እየተሹለከለኩ ያልፋሉ። ሻይና ፓስቲ ቀምሼ ስመለስ አንድ መሪጌታ አጠገቤ ተቀምጠዋል። በጉልበቶቼ መካከል ያቆምኩትን አካፋ አዩ።

"ቀብር ነው እንዴ የምትሄጂው?"

"የስንዴ ሥር ልቆፍር ነው፣ አባቴ።"

"ሥሩን አንቺ እዪልን፤ ዛላው ለእኛ ይበቃናል" አሉና ተሳፋሪውን አሳቁብኝ። ግንደወይን ላይ መርቀውኝ ወረዱ።

ከሰዓት፣ ሞጣ

እትዬ ጥሩወርቅ ማሳው ዳር ቆመው ጠበቁኝ። ነፋስ ስንዴውን በቀስታ ያስተኛዋል፣ ያነሳዋል። እንዲያ ሲወዛወዝ ሳይ የመጣሁበትን ጉዳይ ለአፍታ ረሳሁት። ከዚያ የላይኛው አጋማሽ ደልቦ፣ የታችኛው ነጣ ነጣ ማለቱን፣ ከላይ የአምናው ቅሪት አለመታየቱንም አስተዋልኩ።

"ላዩን ማን ደጋግሞ አረሰው?"

"የባሌ ወንድሞች ናቸው። መንገድ ዳር ነው፤ 'የሙት ወንድማችን መሬት ጦም አድሮ ቤተ ክርስቲያን ሳሚው ሁሉ ይየው?' ብለው ወንፈል ይዘው መጡ። በሳምንቱም ተመለሱ። ታቹን ግን በሬዎቹ ፊት ቆሜ አስጣልኳቸው። ቃሌን ሰጥቼሽ የለ?"

ወደ ታች ወርጄ ቆፈርኩ። የነጣው ስንዴ ያለ ትግል ተነቅሎ መጣ፤ ሥሩ ጠቁሮ በስብሷል። ሥር አበስብስ የሚባለው በሽታ ነው። ከላይኛው ነቀልኩ። ሥሩ ነጭ ነው፤ አፈሩን አለቅም ብሎ ይዟል።

"እትዬ፣ አምና ምን ነበር የዘሩበት?"

"ስንዴ። ካቻምናም ስንዴ። አልጠየቅሽኝም እኮ።"

በሽታው በአሮጌው የስንዴ ቅሪት ላይ ይከርማል። ተደጋግሞ ሲታረስ ቅሪቱ ተቀብሮ ይበሰብሳል፣ በሽታውም ይዳከማል። አንዴ ብቻ ሲታረስ ግን ከአዲሱ ቡቃያ ጎን ሆኖ ይጠብቀዋል። አምና ባቄላ ተዘርቶበት ቢሆን ምክሬ ባላሳፈረኝ ነበር። ያንን ሳልጠይቅ፣ አዳራሽ ውስጥ ሆኜ፣ ዓይቼው ለማላውቀው ማሳ ፈረድኩ።

"ያጠፋሁት እኔ ነኝ" አልኩና የበሽታውንም የባቄላውንም ነገር አስረዳኋቸው። እንባዬ መጣ።

እትዬ ጥሩወርቅ ወደ ታች ወርደው ከነጣው አንድ ዛላ በመዳፋቸው አሹና እፍ አሉት፤ ምንም አልቀረ። እዚያው መሃል ከቆመው አረንጓዴ አሹ፤ ፍሬ ቀረ። ማሳውን በዓይናቸው ለኩት።

"ከታች ግማሹ ሄዷል፤ ግማሹ አለ። ላዩ ሙሉ ነው። አራሹ እኮ ከሁሉም ግማሽ ነበር የሚወስድብኝ።" ፍሬውን አፋቸው ውስጥ ጨመሩት። "በሽታውን ባቄላ ካባረረልኝ፣ ለከርሞ ባቄላ ነው። አራሹን ግን ምን ያባርርልኛል? መሬቴን አልመልስም።"

በማግስቱ፣ ደጀን

በመልሱ መንገድ ሁሉ ወርቅማ ብርሃን ማሳዎቹ ላይ ተኝቶ ነበር፤ እኔ ግን እንቅልፍ እንቢ አለኝ። ሪፖርቴ ላይ "ምክሩ አልሠራም" ብዬ ጻፍኩና ሰረዝኩት። "ሳልጠይቅ መከርኩ" ብዬ ተካሁት።

ከሳምንታት በኋላ፣ ደጀን

ከዚያ ወዲህ ገበሬ ሲደውልልኝ ቀድሞ ከአፌ የሚወጣው "አምና ምን ዘሩ?" የሚለው ነው። ትናንት አንድ ሽማግሌ፣ "ልጄ፣ መጀመሪያ እንደምን ዋሉ ይባላል" ብለው ገሠጹኝ። ይቅርታ ጠየቅኩ፤ ደህንነታቸውንም ጠየቅኩ። ቀጥዬ ግን አምና ምን እንደዘሩ ጠየቅኳቸው።