ወገል የሌለው ማረሻ

«ልጄ፣ ይኸማ አያርስም!»

ዛሬ ደብረ ታቦር ቅዳሜ ገበያ፣ የመጀመሪያ ሥራዎቼን ዘርግቼ ከተቀመጥኩ ሰዓት ሳይሞላ የሰማሁት ይህን ነው።

ሥራዬን ለማታውቁ፦ አሮጌ የአሉሚኒየም ድስት አቅልጬ መዳፍ ላይ የሚቀመጥ ገበሬ ከነማረሻው፣ ከነጥንድ በሬው እሠራለሁ። (ጋፋት ላይ መድፍ በተሠራበት አገር በሬ ብሠራ ምን ይገርማል?)

እማዬ ግን ለጎረቤት «ጌጣጌጥ ትሠራለች» ነው የምትለው። ቀጥቃጭ የሚባል ቃል እኛ ቤት አይነሳም። ሰው ቡዳ ይለናል ብላ ትፈራለች።

«አያርስም» ያሉኝ ከእብናት የመጡ ሽማግሌ ገበሬ ናቸው። አንዱን አንስተው ገልብጠው አዩና «ወገሉ የታለ?» አሉኝ። ማረሻውን ከእንጨቱ ጋር አንቆ የሚይዘውን የብረት ቀለበት ማለታቸው ነው። ረሳሁት እንዳልላችሁ፣ መኖሩንም አላውቅም ነበር።

«ይኸን የሚያውቀው ቀጥቃጭ ነው፤ ሂጂና ጠይቂ» አሉኝ።

«አባባ፣ ቀጥቃጯ እኮ እኔ ነኝ!»

አፌ ቀደመኝ። አጠገቤ በርበሬ የምትሸጠው ሴትዮ ዞር ብላ ከላይ እስከ ታች አየችኝ።

እሳቸው ግን ምንም አልመሰላቸውም። «እንግዲያው ለመጪው ቅዳሜ ወገሉን አግብተሽ ጠብቂኝ» ብለውኝ ሄዱ።

ሁሉንም መልሼ አቀልጣቸዋለሁ። ቅዳሜ እዚያው ቦታ ነኝ።

ስሙ ቤታችሁ የማይጠራ ሥራ የያዛችሁ፣ መጀመሪያ ጮክ ብላችሁ የተናገራችሁት ለማን ነበር? እስኪ ጻፉልኝ።

እማዬ ፌስቡክ የላትም። ጎረቤቶቻችን ግን አላችሁ፤ ሳትቀድሙኝ ሄጄ እኔው ልንገራት።