አጥራችን ላይ የደረቀው የባሕር እንስሳ

በ2011 ዓ.ም. ስድሳ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ዓለም ገና ካለው ግቢያችን አንዲት ክፍል እናከራያለን። ያን ጊዜ ተከራያችን ከወላይታ የመጣ፣ በጅቡቲ መስመር ከባድ መኪና የሚነዳ ሰው ነበር። ጴንጤ ነው፤ አይጠጣም፣ አያጨስም፣ ጫት አይቅምም። ሾፌር ሆኖ እንዲህ ያለ ተከራይ ካገኘህ አትልቀቀው።

ባለቤቴ ግን ልታስወጣው ተነሳች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከመንገድ ሲመለስ መዳፍ የሚያህል ክብ፣ ጠፍጣፋ ነገር አምጥቶ አጥሩ ላይ አሰጣ። መልኩ ሐምራዊ ነው፤ ላዩን ሁሉ አጭር ፀጉር ለብሷል፤ ይሸታል። ፀሐይ ሲመታው ሰነበተና ፀጉሩ ረገፈ፣ ነጭ ሆነ። ጀርባው ላይ አምስት ቅጠል ያለው አበባ ወጣ፤ ሰው በመርፌ የወጋው ይመስላል። ባለቤቴ ስታነሳው ውስጡ ኮሽ ኮሽ አለ።

«ድግምት ነው!» አለች። «ውስጡ የተጻፈ ነገር አለ። ወይ እሱ ይወጣል፣ ወይ እኔ ቡራዩ እህቴ ጋ እሄዳለሁ።»

«ጴንጤ ደግሞ ምን ድግምት ያውቃል?»

«አንተ ምን ታውቃለህ? ጉልበቴን ያመመኝ ከመቼ ወዲህ ነው?»

እኔ ግትር ነኝ፤ ሳይጠየቅ ማንም ሰው ከቤቴ አይወጣም። እሷ ግን እንቅልፍ አጣች። ተከራያችንን ልጅ ጠራሁትና እሷ ባለችበት ፊት ለፊት ጠየቅኩት።

ሊስቅ ነበር፤ ፊቷን ሲያይ ተወው። «እማማ፣ እንስሳ እኮ ነው። ሳንድ ዶላር ይሉታል። ጭነት ስንጠብቅ ባሕሩ ሸሸት ሲል ዳርቻው ላይ ሞቶ አገኘሁት።»

«ዓይኑ የታለ?»

«የለውም።»

«እግሩስ?»

«ያ የረገፈው ፀጉር ነዋ! በሕይወት ያሉትን አይቻለሁ፤ በእሱ እየገፉ አሸዋ ውስጥ ይገባሉ።» ገለበጠና መሐሉ ላይ ያለችውን ቀዳዳ አሳያት። «አፉ ይኸው። ከአሸዋው ውስጥ ደቃቁን ምግብ ይለቅማል። ጨቅላ ሳለ ማዕበል እንዳይወስደው ከባድ ከባዱን አሸዋ መርጦ የሚውጥም አለ አሉ።»

ይቺን ወደድኳት። ባለቤቴ ግን፣ «የሚንኮሻኮሸውስ?» አለች።

ልጁ በእጁ ያለውን አየት አደረገው። ባሕር አይታ ለማታውቅ እናቱ ሊወስድላት ነበር ያደረቀው። ከዚያ በሁለት እጁ ያዘና እንደ ደረቅ ቂጣ ገመሰው።

አምስት ነጫጭ ነገሮች መዳፉ ላይ ወደቁ፤ ክንፋቸውን የዘረጉ ወፎች ይመስላሉ። «ጥርሶቹ ናቸው፣ እማማ። የተጻፈ ነገር ካለ እስቲ ይፈልጉ።»

መነጽሯን አድርጋ ስብርባሪውን አንድ በአንድ አገላበጠች። ውስጡ እንደ ቤት ትናንሽ ምሰሶ አለው፤ ጽሑፍ የሚባል የለም። ቆይታ፣ «ጥርስ ያለው ድግምት ግን አይቼ አላውቅም» አለችና ሳቀች። ሳቋን ከሰማሁ ሰንብቼ ነበር።

«ለእናትህ አሁን ምን ልትወስድላት ነው?» አለችው።

«ባሕሩ የት ይሄዳል፣ እማማ?»

ሌላ ሰው ቢሆን ሰድቦን ዕቃውን ጠቅልሎ ይወጣ ነበር። እሱ የእናቱን ስጦታ ሰብሮ ሚስቴን አስተኛልኝ። እግዜር ይስጠው፤ እስከ ዛሬ አመሰግነዋለሁ።

በማግስቱ ጠዋት ከጎረቤት መሰላል ተዋስኩና ዝናብ የሚያስገባው የእሱ ክፍል ጣሪያ ላይ ወጣሁ። ክረምቱ ሳይገባ የዛገውን ምስማር እየነቀልኩ አዲስ መታሁበት። ባለቤቴ ከታች መሰላሉን ይዛ፣ «አንተ ሽማግሌ፣ ወድቀህ ልትሞትብኝ ነው?» እያለች ትጮህብኛለች።