እህቴ ያላነበበቻቸው መልእክቶች

እኔ አርፎ መቀመጥ አልፈጠረብኝም። በልጅነቴ የአባቴን ሬዲዮ ፈትቼ ስገጥም ብሎን ይተርፈኝ ነበር፤ ስማርት ስልክ ዲላ ሲገባ ደግሞ በቃ፣ አበድኩ። ስለዚህ ለእረፍት ከዩኒቨርሲቲ መጥቼ እህቴ ስልክ ላይ ያንን ጉድ ሳይ እጄ አላርፍ አለ።

እትዬ ታላቄ ናት። ገበያው አጠገብ የቤተሰቡን የጨርቅ ሱቅ ትይዛለች። ባሏ ዶሃ ሾፌር ነው፤ ስልኩንም በሰው እጅ የላከላት እሱ ነው። ጉዱ ምን መሰላችሁ፣ ባሏ በአማርኛ የጻፈላት ሁሉ ባዶ ሳጥን ሆኖ ተደርድሯል። ሳጥን፣ ሳጥን፣ ሳጥን፣ መጨረሻው ላይ የጥያቄ ምልክት። ስልኩ ፊደላችንን አያውቅም።

ታዲያ ምን ብለሽ ትመልሺለታለሽ አልኳት። ዓርብ ዓርብ ሲደውል «ደርሶኛል» እለዋለሁ አለችኝ። በስንት ድካም የገዛልኝን ዕቃ አያነብም ልበለው እንዴ፣ ይከፋዋል። የእኛ ቤት ይሉኝታ ሰው ይገድላል፣ ወላሂ።

አንድ ነገር ግን እንቅልፍ ነስቷታል። በቅርቡ ደውሎ «ስለጻፍኩልሽ ነገር ምን ትያለሽ?» ሲላት «አንተ እንዳልክ ይሁን» አለችው። እሱም «እሺ» ብቻ ብሎ ዘጋ። በምን ነገር እንደተስማማች አታውቅም። ፊደል ወደሚያነብ ሌላ ስልክ አስተላልፊው ብላት፣ የባሌን ነገር የሰው ስልክ ላይ አላስነብብም ብላ ድርቅ አለች።

እኔ ደግሞ ካምፓስ የሰማሁት ነገር ነበር። በየአገሩ ያሉ የማይተዋወቁ ሰዎች ያለ ክፍያ ተጋግዘው የሚሠሩት፣ ማንም በነፃ የሚወስደውና የሚያሻሽለው የስልክ ኦፐሬቲንግ ሲስተም አለ። ፋብሪካው የጫነውን አጥፍቶ እሱን መተካት ይቻላል። የእነሱ ሥራ ውስጥ ደግሞ ፊደላችን አለ። ማን እንደጨመረው አላውቅም፣ እጁ ይባረክ። አደጋውም የታወቀ ነው፤ መሃል ላይ ከተበላሸ ስልኩ ድንጋይ ሆኖ ይቀራል፣ መልእክቶቹም አብረው ይጠፋሉ። ይህን ስነግራት ፊቷ አመድ መሰለ። ቢሆንም አድርጊው አለችኝ።

ፋይሉን ለማውረድ ኢንተርኔት ቤት ዋልኩ። ሊያልቅ ሲል መስመሩ ይቆረጣል፣ እንደገና ከዜሮ። ወንበሩ እሾህ ሆነብኝ። እወጣለሁ፣ «ወናጎ ወናጎ» እያለ የሚጣራውን የሚኒባስ ረዳት እሰማለሁ፣ ተመልሼ ገብቼ አያለሁ፤ ፈቀቅ አላለም። ባለቤቱ በመጨረሻ፣ አንቺ ልጅ ሳይሽ እኔንም አዞረኝ ብሎ ሳቀብኝ። እኔ ግን የሚያስቀኝ ነገር አልነበረም። ቢዘገይም ወረደ።

ሱቁ ውስጥ ሆነን መልእክቶቹን አስቀድሜ ሚሞሪ ካርዱ ላይ ገለበጥኩ። ከዚያ ቢስሚላህ ብዬ የድሮውን አጠፋሁት። ስልኩ ጠቆረ። አዲስ ምልክት መጣና ዞረ፣ ዞረ፣ አሁንም ዞረ። እትዬ ጨርቅ ታጥፋለች፣ ያጠፈችውን መልሳ ትፈታለች። አንድ ደንበኛ ሻሽ ሲጠይቀን የለም ብዬ መለስኩት፤ ሻሹ ፊት ለፊቱ ተሰቅሏል። ስልኩን ገድዬው ከሆነ እህቴን በምን ዓይኔ አያታለሁ?

ተከፈተ። መልእክቶቹን መለስኳቸው፤ ሳጥን የሚባል የለም። «የኔ ዓለም» ይላል የመጀመሪያው። ስልኩን ሰጥቻት ፊቴን አዞርኩ።

ከላይ እስከ ታች አነበበቻቸው። ከዚያ አንዱን አሳየችኝ። ኮንትራቴ ሊያልቅ ነው ይላል፣ ድርጅቱ አድስ እያለኝ ነው፣ ለቤታችን ብዬ ላድስ አስቤያለሁ፤ ደክሞኛል ግን፣ አንቺ ና ካልሽኝ ሁሉን ትቼ እመጣለሁ፣ ምን ትያለሽ?

«እኔ እኮ ና ነበር የምለው» አለች እትዬ። ጨርቁ ላይ ተደፍታ አለቀሰች።

አዲሱ ሲስተም የአማርኛ መጻፊያም ነበረው። ፊደሉን በጣቷ ፈልጋ አንዲት ቃል ጻፈችለት፦ «ና»። ላከችው።

ወዲያው ደወለ። ድምፁ ለእኔም ይሰማል። ምን ሆንሽ፣ ሰው ታመመ እንዴ፣ እኔ እኮ እንዳልክ ይሁን ስትዪኝ ፈረምኩ፣ ሁለት ዓመት ፈረምኩ፣ እንዲሰርዙልኝ ልለምናቸው እንዴ ይላል።

እትዬ ፊቷን በሻርፗ ጠረገችና ሳቀች። «ኧረ ምንም አልሆንኩ። እህቴ ስልኩን ስትነካካ በስህተት የሄደ ነው። የእሷን እጅ አታውቀውም?»

ውሸቷን ነው ልል አፌን ከፈትኩ። ክንዴን ጭምቅ አድርጋ ያዘችኝ፤ ይዛኝም ዲላ ዘንድሮ ዝናቡ ጥሩ እንደሆነ ታወራለት ጀመር።