ጢሜን የበላው የቀይ ሥር ጋን

አማቴ እማማ ዘልዳ ማንበብ አይችሉም፤ ስለ ጽሑፎቼ በግልጽ ፍርድ የሰጡ ብቸኛዋ የከተማችን ሰው ግን እሳቸው ናቸው። «ወረቀቱ ደረቅ ነው» አሉ፤ «ምድጃ ቶሎ ያቀጣጥላል።»

ጽሑፎቼ ያልኳቸው በራሪ ወረቀቶች ናቸው። እንጀራዬ መጽሐፍ ጥረዛ ነው። በትርፍ ጊዜዬ ግን ከቪልና ከተማ በድንች ጆንያ ውስጥ ተደብቀው ከሚመጡ ወረቀቶች የተማርኩትን ቁጣ በራሴ ቃል እያሳመርኩ አሰራጫለሁ። የብዕር ስሜ «ነጎድጓድ» ነው። ፖሊስ እንዳያውቀኝ ብዙ ተጠንቅቄያለሁ፤ ውሃ የሚቀዱት ሴቶች ግን ገና ከሩቅ ሲያዩኝ፣ «አያ ነጎድጓድ፣ ዛሬም ሳይዘንብ ሊቀር ነው?» ይሉኛል። የወፍጮ ቤቱን ባለቤት ስንት ጊዜ ሰባብሬዋለሁ፤ ንጉሡንም ከዙፋኑ አውርጄዋለሁ። ሁለቱም ደህና ናቸው። የወፍጮ ቤቱ ባለቤት እንዲያውም ወፍሯል።

አምና ደግሞ የቀይ ሥሩን ጋን ነካሁ።

ጋኑ የእማማ ዘልዳ ነው። እማማ የዝይ ላባ እየነጩ ለትራስ የሚያሰናዱ፣ ቁመታቸው ከጋኑ ብዙም የማይበልጥ ባልቴት ናቸው። ከፋሲካ አንድ ወር ቀድሞ የሚውለው የፉሪም በዓል እንዳለፈ ቀይ ሥር ይልጣሉ፣ ይቆራርጣሉ፣ ጋኑ ውስጥ ከተው ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ ይሞሉበታል፤ ከዚያ በነጭ ጨርቅ ሸፍነው እስከ ፋሲካ እንዲኮመጥጥ ጥግ ያስይዙታል። በእኛ በአይሁዶች ፋሲካ እርሾ የነካው ነገር ከቤት ይወጣል። ሌላው ሰው ገና ዳቦውን ሲገምጥ ጋኑ ብቻውን ቀድሞ ፋሲካ ገብቷል ማለት ነው፤ አንዲት ፍርፋሪ ከወደቀችበት አለቀለት። በዋዜማው የሰፈሩ ሴቶች ገንቦ ገንቧቸውን ይዘው እየመጡ ያስቀዳሉ፤ የበዓሉ ሾርባ የሚቀላው በዚያ ነው። እማማ ዓመቱን ሙሉ የሰው እጅ ያያሉ። በዚያች አንዲት ቀን ግን ጭልፋቸውን ይዘው በር ላይ ሲቆሙ የጦር አዛዥ ነው የሚመስሉት።

ታዲያ እኔ ነጎድጓዱ፣ «ሰማይና ምድርን የፈጠረ ጌታ በፍርፋሪ ይደነግጣልን?» ብዬ ጻፍኩ። እውነቱን ለመናገር ዓረፍተ ነገሩ አሁንም ደስ ይለኛል።

በዚህ ክረምት እማማ ዘልዳ ጉድጓዱ ዳር በረዶ አንሸራቷቸው ወደቁና ቀኝ ክንዳቸው ተሰበረ፤ ዳሌያቸውም ተጎዳ። ባለቤቴ ብሉማ እኛ ቤት ካልመጡ ሞቼ እገኛለሁ አለች።

«ጋኑስ?» አሉ እማማ።

«መጀመሪያ እርስዎ ይግቡ እንጂ፣ እማማ» አልኩ።

«እኔ ብሰበር እጠገናለሁ።»

ጋኑ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ በበረዶ ጋሪ ቀድሞ ገባ። እሳቸው በሁለተኛው ዙር መጡ።

ጣጣው ቤቴ ነው። መጽሐፍ የሚጠረዘው በዱቄት ሙጫ ነው፤ የራሰ ዱቄት ደግሞ ለፋሲካ እንደ እርሾ ይቆጠራል። ጠረጴዛዬ ሙጫ፣ የበሩ እጀታ ሙጫ፣ ሱሪዬ ሙጫ። ፉሪም አልፎ ብሉማ በእማማ ትእዛዝ ቀይ ሥሩን ጋኑ ውስጥ እንደ ጨመረች የሥጋ ሻጩ ሚስት ፍሬይድል ወሬውን ሰማች። ጉድጓዱ ዳር ቆማ፣ እኔ እንድሰማ ድምጿን ከፍ አድርጋ፣ «እዚያ ቤት እኮ ግድግዳው ራሱ ዳቦ ነው!» አለች። «ደግሞ የማን ቤት? የነጎድጓድ! እኔ በበኩሌ ዘንድሮ ሾርባዬን ነጭ እበላለሁ።» ሌሎቹም ራሳቸውን ነቀነቁ።

ብሉማ «እናቴ እንዳትሰማ» ብላ ለመነችኝ። የሰፈር ወሬ ከእማማ ሊደበቅ! ሰምተው ኖሯል፤ ምግብ ሲቀርብላቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። «ገንቦ ይዞ የሚመጣ ከሌለ እኔ ምን ቀረኝ?» አሉ።

ዱቄቱ ከጋኑ ይራቅ ብዬ ሙጫዬንና መጥረዣዬን ተሸክሜ ወደ ማገዶ ቤቱ ተሰደድኩ። እዚያ ሙጫው ይረጋል፣ ጣቴ ይደነዝዛል። የደንበኛዬን የአያ ኮፕልን የጸሎት መጽሐፍ ገልብጬ ጠርዤለት ሰውየው ከአሜን መጀመር ግድ ሆነበት።

ይህም አልበቃም። ብሉማ የእናቷን የላባ ሥራ ይዛ ስለምትውል የጋኑን አረፋ መግፈፍ በእኔ ላይ ወደቀ። እማማ ከአልጋቸው ሆነው ይመረምሩኛል።

«እጅ?»

«ታጥቧል፣ እማማ።»

«እስከ ክርን?»

«እስከ ክርን።»

«ሸሚዝ?»

«የሰንበቱን ለብሻለሁ።»

«ጢም?»

«ጢም ደግሞ ምን አደረገ?»

«ጠዋት ዳቦውን ከአፍህ እኩል ሲበላ አልነበር?»

ጢሜ የሃይማኖት ጢም እንዳይመስላችሁ። ከቪልና በመጣ ወረቀት ላይ ካየሁት የአንድ ታላቅ ታጋይ ሥዕል የተቀዳ ነው፤ ለዓመታት ተንከባክቤዋለሁ። ዳሰስ ባደርገው የዳቦ ቅርፊት መዳፌ ላይ ዱብ አለ።

«ጨርቅ እሰርበት» አሉ እማማ።

ጨርቅ! ግማሽ እርምጃ ለፈሪዎች ነው ብዬ የጻፍኩ ሰው ጨርቅ ልሰር? ጓሮ ወጣሁ፣ ምላጬን ሳልኩ፣ ሙልጭ አድርጌ ላጨሁትና ተመልሼ ደረቴን ነፍቼ ጋኑ አጠገብ ቆምኩ።

እማማ አገጬን አዩ። «በምላጭ?»

«በምላጭ።»

«ወይኔ ልጄን! ወይኔ ጋኑን!»

በሕጋችን ጢም በመቀስ ይከረከማል እንጂ በምላጭ አይነካም። ይህን አሳምሬ አውቃለሁ፤ እሱንም ተቃውሜ ጽፌያለሁ። ከፍርፋሪ ስሸሽ ትእዛዝ ረገጥኩ።

በማግስቱ ፍሬይድል ባልዲዋን አስቀምጣ በሁለት እጇ አጨበጨበች። «አያችሁልኝ? ፋሲካ ደጅ ላይ ቆሞ ጢሙን ላጨ! የቀረችው አይሁድነት እሷ ነበረች!»

ዋዜማው ደረሰ። ጋኑ ተከፈተ፤ ውሃው እንደ ወይን ጠርቷል፣ ኮምጣጣ ሽታው አፍንጫ ይቆነጥጣል። እማማን በወንበር በሩ አጠገብ አስቀመጥናቸው። ጭልፋውን በግራ እጃቸው ይዘው የመንገዱን ኮቴ ያዳምጣሉ። ኮቴው ይመጣል፣ ያልፋል። ሌላው ይመጣል፣ ያልፋል። እኩለ ቀን ሲቃረብ ጭልፋውን ወደ እኔ ዘረጉ። «እንካ፣ ስቀለው» አሉ፤ ቁጣ እንኳ አልነበረበትም።

ቢቆጡ እችለው ነበር። ጭልፋውን እንደያዝኩ ወደ ጉድጓዱ ሮጥኩ።

«ሴቶች!» አልኩ። «ጢሜን የላጨሁት ፍርፋሪ ስለነበረበት ነው!»

«ምን ነበረበት?» አለች ፍሬይድል።

«ፍርፋሪ።»

«አልሰማሁም፣ ነጎድጓድ።»

«ፍርፋሪ! ጋኑ ውስጥ እንዳይገባ ፈርቼ!»

«ፈርቼ ነው ያልከው?»

«አዎ፣ ፈርቼ።»

«ሰማይና ምድርን የፈጠረ ጌታ ያልደነገጠባትን ፍርፋሪ አንተ ደነገጥክባት?»

ዓረፍተ ነገሬን በቃሏ ይዛዋለች! በሌላ ቀን ቢሆን አቅፌ እስማት ነበር። ሴቶቹ ሳቁ፤ አንዷማ ባልዲዋን ለቃው እግሯ ላይ ደፋችው።

ብዙም ሳይቆይ በራችን በገንቦ ተሞላ። ጋኑን አምነው ነው ብዬ አልዋሽም፤ ታሪኩን ከአፌ ሊሰሙ ነው። ያልተተረከላት ሴት ገንቦ አይሞላም። እማማ በግራ እጃቸው እየጨለፉ ያርሙኛል፦ «ጨርቅ እሰርበት ማለቴን ዘለልከው። ለእሷ ከመጀመሪያው ንገራት።»

መጨረሻ ላይ ፍሬይድል የሰፈሩን ትልቁን ገንቦ አቅፋ መጣች።

«አንቺ ሾርባዬን ነጭ እበላለሁ ያልሽ መስሎኝ?» አሏት እማማ።

«ልጆቹ አልወደዱትም፣ እማማ ዘልዳ።»

«በዓሉ ገና አልገባ!»

«ሳይቀምሱት ነው የጠሉት።» ወደ እኔ ዞረች። «በል እንጂ፣ ያቺን ቅርፊት ከወደቀችበት ጀምር።»

ሁለቴ አስተረከችኝ።

ለእኛ የቀረው ከጋኑ ሥር የተጠራቀመ አንድ ኩባያ ነበር፤ ለእማማና ለብሉማ ተካፈለ። እኔ በበዓሉ ማዕድ ድንቼን ደረቁን በላሁ። እማማ ኩባያቸውን ጨርሰው አፋቸውን ጠረጉና አገጬን ሲመረምሩ ቆዩ።

«ከርሞም ትላጨዋለህ» አሉ። «በመቀስ ግን።»