ከጁምዓ በፊት የማይፈታ ማሰሪያ

እሪ በከንቱ ሰፈር ወርዶ የወጌሻ እንድሪስን ቤት ለጠየቀ ሰው መንገድ የሚያሳየው አልነበረም። «ዝም ብለህ ውረድ፤ የሚጮህ ሰው ስትሰማ እዚያ ግባ» ይሉታል። የአራዳ ሰው አፉ እንዲህ ነው። ቀልድ ይሁን እንጂ ውሸት አልነበረም። ከበቅሎ የወደቀው ነጋዴ፣ ከግንብ ላይ የተንሸራተተው ግንበኛ፣ ሸክም ትከሻውን ያወለቀው ተሸካሚ፣ ክርስቲያኑም እስላሙም እያቃሰተ የሚገባው እዚያ ነው። እያቃሰተ ገብቶ እየመረቀ ይወጣል። እንድሪስ ለሁሉም የሚላት አንዲት ቃል ነበረችው፤ «አብሽር»። አይዞህ ማለቱ ነው፣ የወሎ ሰው አይደል።

ሙያውን ያስተማረው አባቱ ነው። በልጅነቱ፣ አገር ቤት ሳለ፣ የዐረፋ በግ በታረደ ቁጥር አባቱ የፊት እግሩን ከነቆዳው ጆንያ ውስጥ ይከተውና በድንጋይ ይሰብረዋል። ከዚያ «በል ግጠም» ይለዋል። ማየት የለም። ልጁ እጁን ጆንያው ውስጥ ሰድዶ፣ ስብራቱን በጣቱ ፈልጎ፣ አጥንቱን አጋጥሞ፣ እዚያው በቀርከሃ ስንጥርና በጠፍር አስሮ ያወጣል። አባቱ ይቀበልና ይነቀንቀዋል። ትንሽ እንኳ ከላላ ኩርኩም ነው። እንድሪስ በዚህ መንገድ አንድ ነገር ለዕድሜ ልኩ ተማረ፤ ጥሩ ማሰሪያ ማለት የጠበቀ ማሰሪያ ነው። የታረደ በግ እግር ቢያጠብቁበት አያብጥም፣ አይጠቁርም፣ አልጋ ላይ ሆኖ አይቃትትም። ይህን አባቱ አላሰበውም። እሱም አላሰበው።

ሁለተኛው የአባቱ ሕግ ደግሞ ማሰሪያው ከጁምዓ በፊት እንዳይፈታ ነበር። በማንኛውም ቀን ይታሰር፣ የሚፈታው በጁምዓ፣ በዓርቡ ቀን፣ ከሶላት መልስ፣ ዱዓ ተደርጎ ነው። ከዚያ በፊት የፈታው ሰው አጥንቱ እምቢ ካለ ኃጢአቱ በእሱ አንገት ነው። ሰፈሩ ሁሉ ይህን ያውቃል። ሕመምተኛ ቢጮህ፣ ቢማጸን፣ እንድሪስ ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ የሚያሽበትን ቅቤ ወደ ቀንድ ዕቃው ይመልሳል።

ከሚስቱ ከዙህራ ብዙ ልጅ ወልዶ በእጁ የቀረለት አንድ ነው፤ ሙደሲር። ይህን ልጅ አይወደውም ነበር ብል ውሸቴን ነው፤ ዓለምን የሚያየው በሱ ነበር። ግን ፍቅሩን የሚያሳየው በቁጣ ነው። ምን ይደረግ፣ እሱንም ያሳደጉት በኩርኩም ነው። ሙደሲር አድጎ እምቢ አለ፤ ወጌሻ አልሆንም፣ ትምህርት ቤት እገባለሁ አለ። ከጊዮርጊስ ወዲያ ፈረንጅ የሚያስተምርበት ትምህርት ቤት ነበርና እዚያ ገባ። ፈረንሳይኛው እንደነገሩ ነበር። ኳስ ሲሆን ግን፣ ሩጫ ሲሆን፣ በሁለት ግንድ መሀል ከተጋደመው ብረት ላይ ተንጠልጥሎ መገልበጥ ሲሆን፣ የሚስተካከለው አልተገኘም።

የጅምናስቲክ መምህሩ ታዲያ ዝም ብሎ አያዘልላቸውም። ገላችሁን ሳታውቁ ገላ አታሠለጥኑም ይላቸዋል። ግድግዳ ላይ ቆዳው የተገፈፈ ሰው ሥዕል ሰቅሎ፣ ይህ ጡንቻ ይህን አጥንት ይስባል፣ ይህ የደም ሥር በዚህ በኩል ወደ መዳፍ ይወርዳል እያለ ያስጠናቸዋል። ከክረምቱ በፊት ከተማሪዎቹ አንዱን መርጦ ረዳቱ ሊያደርገው ነበር፤ ትንንሾቹን የሚያሠለጥን፣ ደመወዝና ኮት ያለው መምህር። ፈተናው ሁለት ነው። አንደኛው ገላን በስም እየጠሩ በራስ ላይ ማሳየት፣ ሁለተኛው ብረቱ ላይ መሥራት። ሙደሲር ለዚህ ሲል እንቅልፍ አጣ።

ቤት ሲገባ የእናቱን ክንድ ይይዛል። «እማ፣ ጨብጪ። አሁን ልቀቂ። አየሽ፣ ጣትሽን የሚያንቀሳቅሰው ጣትሽ ላይ ያለው አይደለም፤ እዚህ ክርንሽ ሥር ያለው ጡንቻ ነው።»

«ተወኝ፣ ሊጥ አለብኝ» ትለዋለች ዙህራ፣ ግን እጇን አትነጥቀውም።

በከሰል የሰው ገላ ግድግዳው ላይ ሊሥል ሲል ግን ተቆጣች። የሰው ሥዕል ካለበት ቤት መላእክት አይገቡም። ልጁ ለመናት፣ ተከራከራት፣ በመጨረሻ ታረቁ፤ ራስ የሌለው ክንድ ብቻ እንዲሥል ፈቀደችለት። እንድሪስ ከገበያ ሲመለስ ግድግዳው ላይ ከትከሻ የተቆረጠ ክንድ ተንጠልጥሎ አገኘ።

«ይሄ የማነው?» አለ።

«የማንም አይደለም አባባ፣ መማሪያ ነው።»

«የማንም ካልሆነ ለምን ይማሩታል?» ብሎ ሳቀ። ግን አላጠፋውም። ልጁ በሌለበት ቆሞ ያየው እንደነበር ዙህራ ታውቃለች።

አንድ ቀን ዘርኡ የሚባል ተሸካሚ ክንዱ ተሰብሮ መጣ። እንድሪስ አሸው፣ ገጠመው፣ ጠፍሩን በጉልበቱ ረግጦ አጠበቀው። ቤቱ ውስጥ ሰው ነበር፤ ቅመም ቸርቻሪዋ ጎረቤታቸው ወይዘሮ አክበረትም ተቀምጣለች። ሙደሲር የዘርኡን ጣት ጫን አድርጎ አየና፣ «አባባ፣ ደም እየሄደ አይደለም፤ ትንሽ ቢያላሉለት» አለ።

ወይዘሮ አክበረት ነገር አይታ ማለፍ አታውቅምና፣ «አቦይ እንድሪስ፣ እንግዲህ ከልጅዎ ሊማሩ ነው» አለች እየሳቀች። ሌሎቹም ሳቁ። የእንድሪስ ደሙ ፈላ። እጁ ላይ የነበረውን ቅቤ በልብሱ ጠርጎ ተነሣና ልጁን በሰው ፊት በጥፊ አለው።

«እጄ ባረፈበት ላይ ምላስህን እንዳታስገባ» አለው። «ሁለተኛ። በእኔም ቤት፣ በሌላም ቤት።»

«እሺ አባባ» አለ ሙደሲር።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ ጥሩ ነበር። ነገር ግን ዘርኡ ዳነ። ጣቱ ጥቂት ጠቁሮ ነበር፣ ተመለሰ። ከወር በኋላ ያው ክንዱ ላይ ጆንያ ተሸክሞ በደጃቸው ሲያልፍ፣ እንድሪስ ልጁን ጠርቶ አሳየው። «የሞተው ክንድ ይኸውልህ፣ ገበያ እየሄደ ነው» አለው። ለሳምንታት በዚህ ነገር ቀለደበት። ልጁ አንገቱን ደፍቶ ፈገግ ይላል። ምናልባት ፈረንጁ ነው የተሳሳተው ብሎ ሳያስብ አልቀረም።

ፈተናው ሲቃረብ፣ በአንድ ቅዳሜ፣ ሙደሲር ብረቱ ላይ ሲገለበጥ እጁ አዳለጠው። የቀኝ ክንዱ ከእጅ አንጓው ከፍ ብሎ ተሰበረ። መምህሩ ሐኪም ቤት ልውሰድህ አለው። ልጁ እምቢ አለ። የወጌሻ እንድሪስ ልጅ ክንዱን ለፈረንጅ ሰጠ ተብሎ አባቱ በአራዳ እንዴት ቀና ብሎ ይሄዳል? ክንዱን በነጠላ አቅፎ ቁልቁለቱን ወርዶ ቤቱ ገባ።

እንድሪስ ሲያየው ክው አለ። ወዲያው ግን እጁን ታጠበ፣ ቢስሚላህ አለ። በዕድሜው እንደዚያ ቀን ተጠንቅቆ አያውቅም። ለሌላው ሰው አንድ ጊዜ የሚያጠብቀውን ለልጁ ደግሞ አጠበቀው፤ የገዛ ልጁ ክንድ ጠማማ ሆኖ እንዳይቀር፣ ያ ብረት እንዳያመልጠው። «አብሽር» አለው። «ፈተናህ ቢዘገይ ነው እንጂ አይቀርም።» ሙደሲር ከንፈሩን ነከሰ።

ያን ዕለት ማታ ልጁ በግራ እጁ የቀኝ እጁን ጥፍር እየተጫነ ሲለቅ፣ እየተጫነ ሲለቅ አባቱ አየው። ጨዋታ መሰለው። «ጥፍርህንም ልትመረምረው ነው?» አለውና ሳቀ። ልጁ እጁን ጋቢው ውስጥ አስገባ።

በማግሥቱ ጣቶቹ አብጠው ነበር። ዙህራ አየችና፣ «ምነው ትንሽ ብታላላለት» አለች።

«ስብራት ያብጣል፣ አንቺ ደግሞ» አላት። ወደ ልጁ ዞሮ፣ «ያምሃል?» አለው።

«ደህና ነኝ» አለ ሙደሲር። ላብ በግንባሩ ይወርድ ነበር።

ከዚያ በኋላ በነበረው ቀን ሕመሙ ጠፋ። እንድሪስ ጠየቀው፣ ልጁም «አሁን ምንም አይሰማኝም» አለ። እንድሪስ አልሀምዱሊላህ ብሎ እጁን ወደ ላይ ዘረጋ። ከደስታው ብዛት ወጥቶ ለወይዘሮ አክበረት ነገራት፤ ገበያ ሄዶ ላገኘው ሁሉ ነገረ። ሙደሲር ግን ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ፣ በከሰል የሣለውን ክንድ እያየ ተኝቶ ዋለ። ዙህራ ሁለት ጊዜ ምን ሆነሃል አለችው። አልዞረም።

ጁምዓ ሳይደርስ ቤቱ ሸተተ። ዙህራ አልጋውን አጠበች፣ ጠጅ ሳር ጎዘጎዘች። ሽታው ከየት እንደሆነ ሁለቱም ያውቁ ነበር፤ አንዳቸውም አልተናገሩም። እንድሪስ ሦስት ጊዜ ጠፍሩን ይዞ ሦስት ጊዜ ለቀቀው። የአባቱ ሕግ ነው። ሕጉን ለልጁ ብሎ ቢሽርና አጥንቱ እምቢ ቢልስ? እንዲህ እያለ ራሱን አሞኘ።

ጁምዓ ከሶላት መልስ ዱዓ አደረገና ፈታው። ከስንጥሩ በታች የነበረው እጅ እንደ ከሰል ጠቁሯል። ነካው። ቀዝቃዛ ነው። ያን ቅዝቃዜ ያውቀዋል፤ የዐረፋ በግ እግር ነው።

ፈረንጆቹ ሐኪም ቤት ውስጥ ከክርኑ በላይ ቆረጡት። እንድሪስ በር ላይ ቁጢጥ ብሎ ጠበቀ። ሐኪሙ በአስተርጓሚ፣ «በመጀመሪያው ቀን ብታመጣው ይድን ነበር» አለው። እንድሪስ ጋቢውን ራሱ ላይ ጣል አደረገና ሴት እንደምታለቅሰው፣ ድምፁን አውጥቶ አለቀሰ።

ልጁ ወደ ቤት ከተመለሰ በኋላ ያቺ የጥፍር ነገር ከእንድሪስ ራስ አልወጣ አለች። አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ዙህራ ውሃ ልትቀዳ ስትወጣ፣ አጠገቡ ተቀመጠ።

«ያን ዕለት ጥፍርህን ስትጫን የነበረው ምንድን ነው?»

ሙደሲር መለሰለት። «ጥፍር ሲጫኑት ይነጣል አባባ። ሲለቁት ደም ይመለስና ይቀላል። ካልቀላ ደም አቋርጧል ማለት ነው። መምህሩ ነው ያሳየን።»

«ያንተስ?»

«አልቀላም።»

«በዚያው ማታ?»

«በዚያው ማታ።»

«ምንም አይሰማኝም ስትለኝስ?»

«እጄ ሞቶ ነበር። አውቄ ነበር።»

«አንተ ልጅ፣ ታዲያ ምነው አትነግረኝም? ምነው አትጮህም?»

ሙደሲር አባቱን አየው። ቂም አልነበረበትም፤ ቂም ቢኖርበት ይሻል ነበር። «እጄ ባረፈበት ላይ ምላስህን አታስገባ ብለውኝ ነበር» አለ። «ደግሞ የዘርኡ ድኗል። ምናልባት የእርስዎ እጅ ያውቃል ብዬ ነበር።»

ከዚያ ወዲህ እንድሪስ ሰው አልነካም። የተሰበረ ሰው በር ሲያንኳኳ፣ ራሱ ወጥቶ «ወጌሻው የለም» ይላል። ሰፈር ያሳደገው ሰው ፊት ለፊታቸው ቆሞ የለም ሲላቸው ምን ይበሉት፤ ሕመምተኛቸውን ይዘው ይመለሳሉ። ቤቱ ጸጥ አለ። መንገድ የሚጠይቅ እንግዳም በድምፅ የሚያገኘው ቤት ጠፋበት። የረዳትነቱን ቦታ ሌላ ልጅ አገኘው። መምህሩ አንድ ጊዜ መጥቶ ሙደሲርን ጠየቀው፣ ከትንንሾቹ ጋር ቆመህ አጥንቱን በስም ታስጠናለህ አለው። ሙደሲር አመሰገነውና አልሄደም። ዙህራ ግድግዳው ላይ ያለውን ክንድ በኖራ ልታጠፋው ብላ ነበር። ሁለቱም ባንድ አፍ ተይው አሏት።

እንድሪስ አንድ ልማድ ብቻ ቀረችው። ጠዋት ጠዋት ልጁ አጠገብ ይቀመጥና የቀረችውን የግራ እጁን ይቀበለዋል። በአውራ ጣቱ የልጁን ጥፍር ጫን ያደርግና ይለቃል። ይነጣል፣ ይቀላል። ሌላውን ጣት ይይዛል። ቆዳውን እየጎዳው እንደሆነ፣ አንዳንዴም ጥፍሩ ሥር ደም እስኪቋጥር እንደሚጫነው አያስተውልም። ሙደሲር እጁን ሰጥቶ ይቀመጣል። አመመኝ አይለውም። ዝምታውን ማን እንዳስተማረው እንድሪስ ያውቃል።